በግንዱ ላይ የቀሩት ቅርፊቶች፦ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ፣ አሜሪካ)፣ ግንቦት 2021

ግንቦት ልደታ ካለፈ አሥር ቀን ገደማ ሆኖታል። እናቴ እንደ ልማዷ በጠዋት ተነስታ የበረንዳውን በር ከፈተች። ወዲያው መልሳ ዘጋችው።

"ና እስቲ እየው! ግድግዳው ላይ የሞተ ነገር ተለጥፏል።"

ወጣሁ። ቡናማ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል። ስድስት እግር አለው፤ ዐይን አለው፤ ጥፍር አለው። ጀርባው ግን ተሰንጥቋል። ውስጡ ባዶ ነው። አንዱን ሳነሳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ቀለለኝ። ግድግዳው ላይ አለ፣ የአበባው ማሰሮ ላይ አለ፣ የመኪናዬ ጎማ ላይ አለ። ግቢው ጥግ ካለው ትልቁ ኦክ ዛፍ ስንደርስ ደግሞ ግንዱ ራሱ አይታይም። መቁጠር ጀምሬ መቶ ላይ ሰለቸኝና ተውኩት።

"አንበጣ ነው እንዴ?" አለች እናቴ። ብትደነግጥ አይፈረድባትም። ወሎ ያሉ ዘመዶቻችን ማሽላቸውን አንበጣ ሲጨርሰው በስልክ ከሰማች ገና ዓመት አልሞላትም።

"አይደለም እማ። ሲካዳ የሚባል ሌላ በራሪ ነፍሳት ነው። ቅጠል አይበላም፤ ማሳም አያጠፋም።"

"ታዲያ ምን ሊያደርግ መጣ?"

ለዚህ ጥያቄ ያን ጊዜ የረባ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ መልሱን ስፈልግ ከረምኩ። በራሪዎቹን ትቼ ትኩረቴን ያደረግኩት ጥለውት በሄዱት ቅርፊት ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጉዳይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሜሪላንድ ስለተቀመጥን እንጂ ለግንቦትስ የኛው ይሻል ነበር።)

መጀመሪያ ትንሽ ዳራ። በምሥራቅ አሜሪካ 17 ዓመት መሬት ውስጥ ኖረው በአንድ ጊዜ ግልብጥ ብለው የሚወጡ ሲካዳዎች አሉ። በየአካባቢው የሚወጡበት ዓመት ስለሚለያይ ተመራማሪዎች መንጋዎቹን በሮማውያን ቁጥር ሰይመዋቸዋል። የኛው አሥረኛው፣ ብሩድ ቴን የሚባለው ነው። ዋሽንግተን ዲሲንና 15 ግዛቶችን ይነካል። በ1987 ወጥቷል፤ በ2004 ወጥቷል፤ በ2021 ወጣ። አብረው የሚወጡት ሦስት ዝርያዎች ናቸው። ትልቁንና ታዋቂውን የስዊድኑ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስ በ1758 ስም ሲያወጣለት "ሴፕቴንዴሲም" አለው። በላቲን አሥራ ሰባት ማለት ነው።

ክንፍ ያላወጣ አንበጣ በአማርኛ ኩብኩባ ይባላል። ቃሉ ጥሩ ነውና ለሲካዳውም ልዋሰው። ኩብኩባው ዕድሜውን ሙሉ ከዛፍ ሥር ላይ እንደ ውሃ ቀጠን ያለ ፈሳሽ ይመጥጣል። ምግቡ ከውሃ ብዙም ስለማይሻል እድገቱ አዝጋሚ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ አምስት ቅርፊት ይለብሳል። አራቱን የሚጥለው ጨለማ ውስጥ፣ አፈር ሥር ነው። እነሱን ማንም አያይም። እናቴን ያስደነገጣት አምስተኛው፣ የመጨረሻው ነው።

የሚወጣው መቼ ነው? አፈሩ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ወደ 18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሞቅ። የ2021 የግንቦት መጀመሪያ ቀዝቃዛ ስለነበር ሁሉም ሰው ጠብቆ ጠብቆ ሰልችቶት ነበር። ሙቀቱ ሲመጣ ግን ሁሉም በአንዴ ሆነ።

በሁለተኛው ቀን ማታ ባትሪ ይዤ ኦኩ ሥር ወንበር ዘረጋሁ። ጎረቤታችን ጋሼ አዩኝና የራሳቸውን ወንበር ይዘው መጡ። ጋሼ እዚህ ሰፈር ከሁላችንም በፊት የገቡ ሰው ናቸው። "ይሄ ሦስተኛዬ ነው" አሉኝ፣ ስለ ልጅ ምርቃት የሚያወሩ ይመስል። በ1987 ዲሲ ውስጥ ታክሲ ይነዱ ነበር። "በመስኮት እየገባ ተሳፋሪ ያስጮህብኝ ነበር። አንዷማ ሒሳብ ሳትከፍል ወርዳ ሮጠች!"

ሲመሽ መሬቱ ተንቀሳቀሰ። ከዛፉ ሥር ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ሞልቷል፤ ከየቀዳዳው ኩብኩባ ይወጣል። እግራቸው ያገኘውን ቀጥ ያለ ነገር ይወጣሉ። ዛፍ ከሆነ ዛፍ፣ አጥር ከሆነ አጥር። አንዱ የጋሼን ሱሪ ሊወጣ ሞከረ፤ ቀስ ብለው አንስተው ግንዱ ላይ አስቀመጡት።

አንዱን መርጠን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታተልነው። ወጣ፣ ቆመ፣ ጥፍሮቹን ግንዱ ውስጥ ሰካ። ትንሽ ቆይቶ ጀርባው እንደ ዳቦ ተነፋ። ከዚያ መሐሉ ላይ ተሰነጠቀ። ከስንጥቁ የወጣው እንደ ወተት ነጭ ነው፤ ዐይኑ ቀይ፣ ከራሱ ኋላ ሁለት ጥቁር ነጥብ። ጀርባው ቀደመ፣ ራሱ ተከተለ፣ እግሮቹ እንደ ጓንት ከሽፋናቸው ተሳቡ። ወደ ኋላ ተንጋሎ ጭንቅላቱን ቁልቁል ዘቅዝቆ ተንጠለጠለ። ጋሼ "ወደቀ በቃ!" አሉ። አልወደቀም። በድንገት ወደ ላይ ታጠፈና የገዛ ራሱን የቀድሞ ጭንቅላት ያዘ። እሱን ተደግፎ የሆዱን ጫፍ አወጣ። የተጨማደዱት ክንፎቹ ደም ሲገባባቸው ተዘረጉ። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ገደማ ወሰደ። በማግስቱ ጠዋት ጠቁሮ ደረቅ ብሎ አገኘነው።

እዚህ ላይ ስለ ቅርፊቱ አንድ ነገር ካላልኩ ጉዳዩ ግማሽ ይቀራል። ቅርፊቱ ልብስ ይመስላል፤ ሥራው ግን የአጥንት ነው። ነፍሳት እንደኛ ውስጣቸው አጥንት የላቸውም። ጡንቻቸው የሚያያዘው ከውጭው ቅርፊት ጋር ነው። ቅርፊቱ ደግሞ አንዴ ከጠነከረ አያድግም። ስለዚህ ማደግ የፈለገ ሁሉ መውጣት አለበት። ኤክዳይሶን የሚባል ሆርሞን ትእዛዝ ሲሰጥ ከአሮጌው ሥር አዲስ ቅርፊት ይሠራል። በሁለቱ መካከል የሚገባ ፈሳሽ የአሮጌውን የውስጥ ክፍል ያሟሟዋል፤ ገላው ደግሞ የሟሟውን መልሶ ይመጠዋል። ቤት ሲለቅ አምፖሉን ሳይቀር ነቅሎ እንደሚሄድ ተከራይ ማለት ነው። የሽንኩርት ልጣጭ ያህል የቀለለኝ ለዚህ ነው። የሚጠቅመው ነገር ሁሉ አስቀድሞ ወጥቷል።

ስንጥቁን ከፈት አድርጎ ወደ ውስጥ ላየ ሰው ነጭ ክሮች ይታያሉ። እኔ መጀመሪያ የሸረሪት ድር መስለውኝ ነበር። የመተንፈሻ ቱቦዎቹ ገበር ናቸው። ሲካዳው የሚተነፍሰው በጎኖቹ ባሉ ቀዳዳዎች ነው። ከቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ የሚገቡት ቱቦዎች ገበራቸው ከቅርፊቱ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ሲወጣ እነሱም አብረው ይሳባሉ። የሰው ልጅ ኮቱን ሲያወልቅ የሳንባው ገበር አብሮ ሲወጣ አስበው!

አደገኛ ሰዓት እንደሆነ ግንዱ ራሱ ይመሰክራል። ሁሉም ቅርፊት ባዶ አይደለም። ግማሽ ወጥተው የደረቁ አሉ። አንድ ክንፋቸው እንደተኮማተረ የጠነከረባቸው አሉ። እነዚህ አይበሩም። ጠዋት ላይ ወፎቹ መጀመሪያ የሚለቅሙት እነሱን ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በሦስተኛው ሳምንት ጩኸቱ ጣሪያ ነካ። ወንዶቹ በሆዳቸው ጎን ያለውን ስስ ታምቡር እያርገበገቡ ነው የሚጮኹት። ሲተባበሩ ድምፃቸው ወደ 90 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ቀትር ላይ በረንዳ ላይ ስልክ ማውራት አይቻልም። ጩኸቱን የሰማ ሰው ሰፈሩ በሙሉ እኩል የተሸፈነ ይመስለዋል። እኔና ጋሼ ግን የማታ ዙራችን ላይ አንድ ነገር አስተዋልን። ጩኸቱ ሁሉም ቦታ አለ። ቅርፊቱ ግን ሁሉም ቦታ የለም።

ከኛ ሦስት ቤት አልፎ አዲስ ሰፊ ቤት አለ። ግቢው አብዛኛው ሣር ነው፤ ምንጣፍ ይመስላል። አጥሩን ዞርን፤ የግቢውን ቀጫጭን ዛፎች አየን። አንድም ቅርፊት፣ አንድም ቀዳዳ የለም። ዛፎቹ ላይ የሚጮኹ አሉ፤ ግን በርረው የመጡ እንግዶች ናቸው።

"ይሄ ቤት ሲሠራ አስታውሳለሁ" አሉ ጋሼ። "አሮጌው ቤት ፈርሶ ነው። ሁለት ትልልቅ ዛፍ ነበረው። ከ2004ቱ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜማ እዚህ ግቢ በአካፋ ነበር የሚዛቅ።"

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ኩብኩባው ገና ከእንቁላል ወጥቶ አፈር ውስጥ ከገባበት ቦታ ብዙም አይርቅም። ዛፉ ከተቆረጠ፣ አፈሩ ከተገለበጠ ወይም አስፋልት ከለበሰ ያለቀለት ነው። ስለዚህ ቅርፊት የተገኘበት ቦታ ሁሉ ቢያንስ 17 ዓመት ያልተነካ ቦታ ነው። መንገዳችንን በዚህ ዐይን ደግመን ሄድንበት። አሮጌው የኪራይ አፓርታማ፣ ቀለሙ የተላላጠው፣ በዙሪያው ያሉት ዛፎች በቅርፊት ተሸፍነዋል። የታደሰው የመኪና ማቆሚያ ዳር ምንም። በጋሼ ግቢ ያለው ኦክ ከኛውም ይበልጣል። ከእግረኛው መንገድ ዳር ከ2004 በኋላ የተተከለው ሜፕል ዛፍ ላይ የሚጮኹ ሞልተዋል፤ ከሥሩ ቀዳዳ የለም። መንገዱ የትኛው ጋ እንደተቆፈረ፣ የትኛው ጋ እንደተረሳ ቅርፊቱ መዝግቦ ይዞታል። ተመራማሪዎችም አንድ አካባቢ ስንት እንደወጣ ለማወቅ ቅርፊትና ቀዳዳ የሚቆጥሩት ለዚህ ነው። በራሪው ይሄዳል፤ ቅርፊቱ ግን ከቤቱ አይርቅም። ጥሩ በሆነ ቦታ በአንድ ኤከር እስከ 1.5 ሚሊዮን ሊወጣ ይችላል። በካሬ ሜትር ሲሰላ 370 ገደማ ነው። እኔ መቶ ላይ መቆሜ ታዲያ ምን ይገርማል?

ከጋሼ በፊትም እዚህ አገር የቆጠረ ሰው ነበር። ቤንጃሚን ባኔከር በ1731 ባልቲሞር አቅራቢያ የተወለደ ነጻ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በራሱ ጥረት ሥነ ፈለክ ተምሮ አልማናክ (ዓመታዊ የቀን መቁጠሪያ መጽሐፍ) ያሳተመ፣ በ1791 የዋሽንግተን ከተማ ወሰን ሲለካ የተሳተፈ ሰው ነው። በ1749፣ በ17 ዓመቱ፣ ሲካዳዎቹን ሲያይ እንደ እናቴ ሰብል ሊያጠፉ የመጡ መስሎት ሊገድላቸው ሞከረ። ብዛታቸውን ሲያይ ድካሙ ከንቱ እንደሆነ ገባው። በ1766 እንደገና አያቸው፤ በ1783 እንደገና። በ1800 እንደሚመለሱም በማስታወሻው ጻፈ። ተመለሱም። ከ1749 ጀምሮ 17 ዓመት እየደመርክ ብትሄድ 2021 ላይ ትደርሳለህ። የኛው መንጋ ነው።

ሲካዳዎቹስ 17 ዓመቱን እንዴት ይቆጥሩታል? በ2000 የታተመ አንድ የካሊፎርኒያ ሙከራ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። 15 ዓመት የሞላቸውን ኩብኩባዎች በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲያብቡ በተደረጉ የኮክ ዛፎች ሥር አኖሯቸው። ሲካዳዎቹ አንድ ዓመት ቀድመው ወጡ። የሚቆጥሩት የዛፉን ወቅት መፈራረቅ ነው ማለት ነው። በ2017 ደግሞ ከኛው መንጋ ብዙዎቹ አራት ዓመት ቀድመው ወጥተው ነበር። እነሱም ሲሳሳቱ ይሳሳታሉ።

ቅርፊቱ የማይነግረን ነገርም አለ። ማሶስፖራ የሚባል ሻጋታ አንዳንዶቹን ይይዛቸዋል። ቅርፊታቸውን ሲጥሉ ደህና ይመስላሉ። ከቀናት በኋላ የሆዳቸው ጫፍ ይረግፍና ቦታው ላይ ነጭ ዱቄት ይቀራል። እነሱ ግን ምንም እንዳልሆነ ይበራሉ፤ ተራክቦም ይፈልጋሉ፤ ሻጋታውንም ያዛምታሉ። በ2019 የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእነዚህ ውስጥ ያገኙት ንጥረ ነገር ካቲኖን ነው። ካቲኖን ማለት ጫት ውስጥ ያለው ነው! ይህን ለጋሼ ስነግራቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "መርቅኖ ነው በላ! ግማሽ ገላው ሄዶ እሱ ገና ጨዋታ ላይ ነው።"

የዚያን ሰሞን ወሬ በአጭሩ ላሳልፈው። ጁን 8 ቀን ፕሬዚዳንቱን ለመከተል ወደ አውሮፓ ሊሄዱ የነበሩ ጋዜጠኞች የተሳፈሩበት አውሮፕላን ሲካዳ ገብቶበት ለሰዓታት ዘገየ። በማግስቱ አንዱ የራሳቸውን የፕሬዚዳንቱን አንገት ያዘ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደግሞ የባሕር ምግብ የማይስማማው ሰው ሲካዳ እንዳይበላ አስጠነቀቀ፤ የሽሪምፕና የሎብስተር ዘመድ ነውና። እናቴ ይህን ስትሰማ "ማን ሊበላው ነው ደግሞ!" አለች። ዝምድናው ግን እውነት ነው። እዚሁ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ሰማያዊው ሸርጣን በዚያው ግንቦት ቅርፊቱን ይጥላል። ዓሣ አጥማጆቹ በገንዳ አኑረው ሌት ተቀን ይጠብቁታል። አዲሱ ቅርፊት ሳይጠነክር ካወጡት እንዳለ ይበላል፤ በውድም ይሸጣል። ሲካዳውም ሸርጣኑም ለስላሳ በሆኑባት በዚያች ሰዓት ራሳቸውን መከላከል አይችሉም። በአንበጣም ያው ነው። መንግሥት ኩብኩባውን ክንፍ ሳያወጣ ካልደረሰበት፣ ከመጨረሻው ቅርፊት በኋላ መንጋውን በአውሮፕላን ማሳደድ ነው የሚቀረው። እናቴ ይህን ያለ እኔ ማብራሪያ ታውቀዋለች።

ጁን መጨረሻ ላይ ዝም አለ። ሬሳው ከየዛፉ ሥር ተከምሮ ሸተተ። ቅርፊቱ ግን አይሸትም፤ ሥጋ የለውማ። እናቴ በመጥረጊያ ሰብስባ ጎመኑ ሥር አፈሰሰችው። "ፍግ ነው" አለች። አልተሳሳተችም። የቅርፊቱ አንዱ ዋና ክፍል ካይቲን ነው፤ ከካይቲን ክብደት 7 በመቶ ገደማው ናይትሮጅን ነው። ግን ቶሎ አይበሰብስም፤ የአፈር ባክቴሪያና ሻጋታ ቀስ እያሉ ነው የሚፈቱት። በቀጣዩ ፀደይ ጎመኑን ስትቆፍር እግራቸውን እያገኘች ትስቅ ነበር።

ሁለት ነገር ግን ከቅርፊቱ በኋላ ቀጠለ። አንደኛው ኦገስት ላይ የመጣው እከክ ነው። ሰፈሩ በሙሉ አንገቱንና ትከሻውን ያክ ነበር። የተጠረጠረችው የሲካዳ እንቁላል የምትመገብ በዐይን የማትታይ ተባይ ናት፤ ከዛፍ ላይ ትረግፋለች። ሁለተኛውን በ2023 በታተመ ጥናት ነው ያወቅነው። እዚሁ አካባቢ ወፎቹ ሲካዳ ላይ ስለተጠመዱ አባጨጓሬውን ረሱት። አባጨጓሬው በዛ፤ በኦክ ቅጠሎች ላይ የደረሰው ጉዳት እጥፍ ሆነ። ለእናቴ "ቅጠል አይበላም" ያልኳት እኔ ነኝ። እሱ አልበላም፤ አስበላ።

ሴቶቹ በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ የጣሉት እንቁላል በዚያው ኦገስት ተፈለፈለ። ከጉንዳን ያነሱት ኩብኩባዎች ወርደው አፈር ገቡ። ተመልሰው የሚወጡት በ2038 ነው። በኛ አቆጣጠር 2030 መሆኑ ነው።

የጋሼ ኦክ ባለፈው ዓመት ተቆረጠ። ውስጡ በስብሶ ቤቱ ላይ ሊወድቅ ነበርና ምርጫ አልነበራቸውም። ቆራጮቹ ሲሄዱ ጋሼ ጉቶው ላይ ተቀምጠው ጠሩኝ።

"ሥሩ ከሞተ ከሥር ያሉት ይሞታሉ አይደል ያልከኝ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ያንተ ዛፍ ሥሩ እስከ የት ይደርሳል?"

የኦክ ሥር ከቅርንጫፉ ጥላ አልፎ ብዙ እንደሚሄድ ነገርኳቸው። ተነሱ። ከጉቶው ጀምረው ወደ አጥራችን በእግራቸው ለኩ። አሥራ አንድ እርምጃ ሆነ። ተመልሰው ደግመው ለኩት።